የመንሹ ጥላ

ጁን 9፣ 1937። ፕሌዘንት ፎርክ፣ ካንሳስ

ደረስኩ። ባቡሩ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ። ግድግዳውንም አየሁት። ከፖስታ ቤቱ ኃላፊ በር በላይ ነው፤ ወርዱ አሥራ ሁለት ጫማ፣ ቁመቱ አምስት። ቴምብር ሊገዛ የተሰለፈ ሰው ወደደም ጠላም ቀና ሲል የሚያየው እሱን ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከሥዕል ትምህርት ቤት ከወጣሁ ገና አንድ ዓመት፤ መንግሥት ሥዕል የምስልበት ግድግዳ ሰጠኝ። ይህን ዛሬ አራት ጊዜ ለራሴ ነገርኩት።

ኃላፊው ሚስተር ቶሊቨር ይባላል። «ስንዴው ይብዛ እንጂ ሌላው ግድ የለኝም» አለኝ። «ሰው እዚህ የሚመጣው ክፉ ደብዳቤ ሊቀበል ነው። ቀና ሲል እንኳ ደስ ይበለው።»

ጁን 13፣ እሑድ

ያረፍኩት ከከተማው አራት ማይል ላይ፣ አሎይስ ብሩንጋርትና ሚስቱ ኩኒጉንዳ ቤት ነው። አያቶቻቸው ከቮልጋ ወንዝ ዳር የመጡ ጀርመኖች ናቸው። እዚህ ትልቅ ሰው ሁሉ፣ ዘመድ ሆነም አልሆነ፣ አጎቴና አክስቴ ነው የሚባለው። እኔም በሁለተኛው ቀን «አጎቴ አሎይስ» ብዬ ጠራሁት፤ ማንም አልሳቀም።

አሁን ሥዕሉን ከሚያሠራው የዋሽንግተን መሥሪያ ቤት ስለመጣው ደብዳቤ ልጻፍ፤ ሦስት ቀን ሸሽቼዋለሁ። መጀመሪያ የላክሁት ንድፍ አላለፈም። «ሰዎቹ ከሌሎች ሥዕሎች የመጡ እንጂ ከማሳ የመጡ አይመስሉም» ይላል። አዲሱ ንድፍ እስከ ጁላይ 20 ካልደረሰ ግድግዳው ለሌላ ይሰጣል። የሚያናድደው እውነት መሆኑ ነው። ስንዴ ሲወቃ አይቼ አላውቅም፤ አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። መምህራችን «ስንዴ አትሳሉ፣ አገር ሳሉ» ይለን ነበር። እኔም አገር ሳልኩ፤ ስንዴው ጠፋኝ።

ጁን 20

ማታ ከእራት በኋላ ለአጎቴ አሎይስ ንድፉን አሳየሁት። መነጽሩን አደረገ። ከዚያ ሚስቱን ጠራት።

«ኩኒ፣ ነይ እስቲ። ይቺ ልጅ ነዶውን በቂጡ ነው የምታጎርሰው።»

«ምኑን?»

«ማሽኑን ነዋ። ዛላው መጀመሪያ ነው የሚገባው ልጄ። አንቺ ዳቦ በጆሮሽ ነው የምትበዪው?»

አክስቴ ኩኒም እጇን በሽርጧ እየጠረገች አየችው። «ሰዎቹ ወፍረዋል» አለች። «የማን ሚስት ናት ያወፈረቻቸው? እሷ የታለች?»

ሣቅን። ክፍሌ ገብቼ ንድፉን ቀደድኩት። ጥሩ ነው። ከሥሩ መጀመር ይሻላል።

ጁን 29፣ የጴጥሮስና ጳውሎስ ዕለት

ዕጣ የሚወጣበት ቀን ነው። ወንፈሉ ሰባት ቤት ነው፤ የመውቂያ ማሽኑ የሰባቱም የጋራ፤ ትራክተሩ የጎረቤታችን የኪሊያን። ስንዴው ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ማሳው ላይ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ማሽኑ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ሰባቱም ቤተሰብ ተከትሎት ይዞራል። የአንዱ ቤት ሲያልቅ ማሽኑ በዚያው ምሽት ወደሚቀጥለው ግቢ ይጎተታል፤ ጎሕ ሲቀድ ሥራ ይጀመራል። ማሽኑ ያለበት ቤት አባወራ የዕለቱ አዛዥ ነው፤ የሱን ቃል የሚሽር የለም።

ከቅዳሴ በኋላ ከባርኔጣ ውስጥ ዕጣ አወጡ። አጎቴ አሎይስ ስድስተኛ። ሰባተኛው ፒየስ ሽማይድለር የሚባል ሽማግሌ፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከድንበራችን ማዶ ብቻውን የሚኖር።

«ለመጨረሻው የሚቀረው ዝናብ እንዳይቀድመው መጸለይ ነው» አለው ኪሊያን።

«እኔ ደግሞ ጸሎት አይወጣልኝም» አለ ፒየስ። «የመጀመሪያውን ብታደርጉኝ ይሻል ነበር፤ ማሽኑ እምቢ ሲል መሳደብ እችላለሁ።»

ጁላይ 2

አቧራ። ውቂያው ላይ ሃያ አንድ ወረቀት ሳልኩ። ትራክተሩን ከማሽኑ የሚያያይዘው ቺንጋ ተጠማዞ እንደ ስምንት ቁጥር ነው የሚሄደው፤ እኔ ቀጥ አድርጌ ስዬው ነበር።

ጁላይ 3

ሰዎች አይቆሙም! ክንድ ስጀምር ክንዱ ሄዷል።

ጁላይ 5

አገኘሁት። ፒየስ ነው።

ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ነዶውን በመንሽ ሲያነሳ ጀርባው አይጣመምም፤ ከእግሩ ነው የሚያነሳው፣ ውኃ እንደሚቀዳ ሰው ያለ ችኮላ። ነዶው አየር ላይ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆሞ ከዚያ ማሽኑ አፍ ውስጥ ይገባል። ያንን ትንፋሽ መያዝ አለብኝ። ሥዕሉ ሁሉ እሱ ነው። ግን ቀን ቀን ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ሰዎቹ ጥላ የላቸውም፤ ጠፍጣፋ ይሆናሉ። ጠዋት ቢሆን፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ…

ጠዋት ጠዋት ግን ሁሉም ይሯሯጣል።

ጁላይ 7፣ ረቡዕ

ዛሬ የኛ ቤት ተወቃ። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አለቀ። ማሽኑን ወደ ፒየስ ሊጎትቱ ሲሉ ጠየቅኋቸው። እስከ ጠዋት እዚሁ ይቆይ፣ ፀሐይ ስትወጣ የተረፈውን ጥቂት ነዶ ይዘው ለኔ ይቁሙልኝ፣ ከዚያ ይሂዱ። አሥራ ሦስት ቀን ብቻ እንደቀረኝም ነገርኳቸው።

ኪሊያን «ፀጉራችንን እናበጥር?» አለ።

አጎቴ አሎይስ ፒየስን አየው። የዕለቱ አዛዥ እሱ ነው፤ ተራው ደግሞ የፒየስ ነው። ፒየስ ወደ ምዕራብ ሰማዩን አየ፤ ጥርት ያለ ነበር። «ስንዴዬ እግር የለውም፣ የትም አይሄድም» አለ። አጎቴ አሎይስም «እንግዲህ ይቆይ» አለ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ይህን እጽፋለሁ።

ጁላይ 8፣ ሐሙስ፣ ረፋድ

ያዝኩት። ያዝኩት ያዝኩት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት። የንጹሕ ሸሚዝ ሰልፍ፤ ኪሊያን ቤቱ ድረስ ሄዶ ቀይሮ መጥቷል። ፒየስ መሐል። የመንሹ ጥላ ረጅም ሆኖ ገለባው ላይ እስከ ማሽኑ ድረስ ተዘርግቷል። ነዶውን ይዞ ሲቆም ክንዱ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ «ደክሞሃል?» ስለው «ቆሞ መዋልን ነው እንዴ ሥራ የምትሉት?» አለኝ። አክስቴ ኩኒ ሳይበሉ አይሄዱም ብላ አሁን አብልታቸዋለች። ማሽኑን ገና እየጎተቱት ነው።

ጁላይ 9

ትናንት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በረዶ ጣለ። ሩብ ሰዓት። የዶሮ እንቁላል የሚያክል ነው ይላሉ፤ እኔ ያየሁት የለውዝ ያህል ነው። ማሽኑ በዝግታ ተጎትቶ ፒየስ ግቢ የደረሰው ስምንት ሰዓት ነው፤ ሥራ የጀመረው ዘጠኝ።

ከዚያ ዝናብ።

ጁላይ 12

ዝናብ። ቀለም እየሞከርኩ ነው። ወርቃማው ጥሩ እየመጣ ነው።

ጁላይ 15

ዝናብ። ማሽኑ የዘገየው ግማሽ ቀን ነው። ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም።

ጁላይ 18፣ እሑድ

ትናንት ፀሐይ ወጣች። ከቅዳሴ በኋላ ከአጎቴ አሎይስ ጋር በፒየስ ማሳ በኩል ተመለስን። ነዶው ቆሞ በቅሏል። ከዛላው ጫፍ አረንጓዴ ጢም ወጥቷል፤ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፣ ሣር ያበቀለ ጎጆ ይመስላል። ፒየስ አንዱን ነዶ ፈትቶ ለዓሣማዎቹ ይበትናል። ዓሣማዎቹ ደስ ብሏቸዋል።

«ስንት ተረፈ?» አለው አጎቴ አሎይስ።

«በሁለት ሰዓት ሥራ የገባው።»

ፒየስ ወደ እኔ ዞሮ «ሥዕሉ እንዴት ነው?» አለኝ። ጥሩ ነው አልኩት። «መልካም» አለ።

በመንገድ ላይ አሰብኩበት። ማሽኑ ረቡዕ ማታ ቢሄድ ኖሮ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ይጀምሩ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አብዛኛው ባለቀ ነበር፤ ምናልባት። ትራክተሩም ሊበላሽ ይችል ነበር። ማክሰኞ ዕለት ለአንድ ሰዓት ቆሞ ነበር። ደግሞ ፒየስ ራሱ ነው እሺ ያለው። አጎቴ አሎይስም ፈቀደ። አክስቴ ኩኒ ደግሞ እስኪበሉ ድረስ አቆየቻቸው። እኔ የጠየቅሁት ሁለት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓትም አይሞላም።

እዚህ ቤት ማንም አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም። እንደ ወትሮው ሾርባው በትልቁ ጭልፋ ይቀዳልኛል።

ጁላይ 19

ንድፉን ላክሁ።

ኦገስት 3

አለፈ! የዋሽንግተኑ ሰውዬ በእጁ ነው የጻፈው። «መሐል ያለው ሽማግሌ የዘላለም ገበሬ ነው፤ በረከትን በሁለት እጁ ያነሳል» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ማስተካከያ ብቻ ጠይቋል፦ ረጃጅሞቹ ጥላዎች ሥዕሉን ይቆራርጡታል፤ ፀሐይዋ ከፍ ትበል፣ እኩለ ቀን ይሁን።

ሚስተር ቶሊቨር ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ያለውን የጥቅል ክፍል ለቀቀልኝ። ሸራውን ወጠርኩ።

ኦገስት 14

ሚስተር ቶሊቨር መጥቶ ሲያይ ቆየ።

«ይሄ ፒየስ አይደለም?»

«ነው።»

«እ።» አገጩን አሸ። «ባለፈው ሳምንት የእርዳታ ዱቄት ሲወስድ አየሁት። እዚህ ደግሞ ወርቅ ውስጥ ቆሟል። ሰው ይስቃል ሚስ ሃርገር። ወይ ጢሙን ላጪው፣ ወይ እንደምንም አድርጊው።»

ጢሙን መላጨት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አልሠራሁትም፤ ግን ቀለሙን በጥብጬ ነበር።

ኦገስት 22፣ እሑድ

ዛሬ አጎቴ አሎይስ ከምሳ በኋላ ወደ ከተማ ላድርስሽ አለኝ። ሥዕሉን ማየት ፈልጎ ነው። እሑድ ስለሆነ በጓሮ በር ገባን። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ነዶውን አየ፣ ቺንጋውን አየ፤ ጣቱን እየቀሰረ «እሺ፣ እሺ» አለ። ከዚያ መሬቱን አየ። የመንሹን ጥላ ከእግሩ እስከ ጫፉ በዓይኑ ተከተለ። እዚህ ሰው ሰዓት የሚያነበው እንደዚያ ነው፤ ሰዓት አያስሩም።

«ሁለት ሰዓት ተኩል» አለ።

«አዎ።»

«ፀሐይዋን ትንሽ ከፍ ብታደርጊያትስ?»

«ከዋሽንግተንም እንደሱ ብለውኛል።»

«እንግዲያስ ምን ትጠብቂያለሽ? የተማሩ ሰዎች ናቸው።» ባርኔጣውን አደረገ። «ማሽኑ ሐሙስ በሁለት ሰዓት ተኩል የኔ ግቢ ምን ያደርጋል? ያየ ሁሉ ይጠይቃል።»

«ማንም አይጠይቅም አጎቴ።»

«ስለሚያውቁ ነዋ የማይጠይቁት» አለ።

በመኪናው ስንመለስ ስለ ላሞች አወራ። እኔ ግን ሁሉም ሥዕሉን ቀይሪ ማለታቸው ገረመኝ፤ ዋሽንግተን፣ ቶሊቨር፣ አጎቴ አሎይስ። ሥዕሉም በእኩለ ቀን ብርሃን ቀለል ይላል። ወርቁ ይጎላል። ጥላ መሸፈን ሁለት ቀን ነው የሚወስደው። በሚቀጥለው ሳምንት አደርገዋለሁ። ለሌላ ግድግዳ የምታጨኝ ይህች ማስተካከያ ናት፤ ሞኝ መሆን አያስፈልግም።

ኦገስት 26

የእኩለ ቀን ቢጫ በጠበጥኩ። ብሩሹን አነሳሁ። ጠፍጣፋው ብሩሽ ጠጉሩ ረግፏል፤ ሌላ ማዘዝ አለብኝ። ዛሬ አልሠራሁም።

ኦገስት 28

ብሩሹ ገና አልደረሰም። (ሌላ ብሩሽ አለኝ።)

ኦገስት 30፣ ሰኞ

ፒየስ ፖስታ ቤት መጣ። ከጥቅል ክፍሉ ሆኜ ድምፁን ሰማሁት፤ ለሚስተር ቶሊቨር አድራሻ እየነገረው ነበር። ኮሎራዶ፣ የወንድሙ ልጅ ዘንድ። ስኳር የሚወጣበትን ሥር ነቅለው የሚያስጭኑ ሰዎች ይፈለጋሉ፤ እስከ ገና እዚያ ነው። ዓሣማዎቹን ሸጧል። ከዚያ ሚስተር ቶሊቨር፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ «ሳትሄድ ራስህን እይ እንጂ» አለው። በሩ ተከፈተ።

ፒየስ ሻንጣውን መሬት ላይ አኖረ። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ነበር፤ ወረድኩ። ሲቆም እንደ ሥዕሉ ቀጥ ብሎ አይደለም።

ለረጅም ጊዜ አየው። የመንሹን ጥላ በዓይኑ ተከተለ። ጠበቅሁ።

«ጠዋት ነው» አለ።

«ጥላውን ላጠፋው ነው አጎቴ ፒየስ። እኩለ ቀን አደርገዋለሁ። ብሩሽ አልደረሰልኝም እንጂ…»

«ለምን?»

ጥላው ሥዕሉን ይቆራርጠዋል አልኩት።

«እኩለ ቀን እንዲህ አይቆምም» አለ። «እኩለ ቀን ላይ እኔም ደክሞኛል።» እጁን ወደ ሸራው ዘረጋ፤ ሳይነካው መለሰው። «እኔ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፣ ታውቂያለሽ? በዕድሜዬ ሙሉ ቆመህ ታይ ያለኝ ሰው የለም። ምዕራብ በኩል ሁለት ሰዓት ላይ የጥፍር ያህል ደመና አይቻለሁ። ነገር ግን ከተናገርኩ ሥዕሉ ይቀራል አልኩና ዝም አልኩ።»

ሚስተር ቶሊቨር በሩ ላይ ነበር። ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

«ይቆይ ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ያልኩት «ጢምህ ጥሩ ወጥቷል?» ነው።

«ዛላው ትንሽ ቀላ ቢል ነው» አለ። «የዘንድሮው ቀላ ያለ ነበር።» ሻንጣውን አነሳ። በባቡሩ ሰዓት ሄደ።

ሴፕቴምበር 1

ለዋሽንግተን ጻፍኩ። ጥላዎቹ ይቆያሉ አልኩ። ምክንያቱን «ለሥዕሉ ሚዛን» ብዬ አራት መስመር ጻፍኩ። እውነተኛውን ምክንያት ለመጻፍ ወረቀቱ አይበቃም ነበር።

ይበቃ ነበር። ከግማሽ በላይ ባዶ ነው የላክሁት።

ዛላውን ቀላ አደረግሁት።

ሴፕቴምበር 8

መልስ መጣ፤ በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ነው። ሥዕሉ ባለበት ሁኔታ ይሰቀል። አስተያየት የማይቀበሉ ሠዓሊዎችን በሌላ ሥራ ለመጥራት እንደሚቸገሩ በትሕትና ያስታውቃሉ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አጥፌ ደብተሩ ውስጥ አስገባሁት። ወደ ቤት የምመለስበትን የሰኞ ጠዋት ባቡር ትኬት ቆረጥኩ።

ሴፕቴምበር 10፣ ዓርብ

ሸራው ከባድ ስለሆነ የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር። አጎቴ አሎይስና ኪሊያን መጡ፤ አክስቴ ኩኒም ልየው ብላ ተከተለች። ግድግዳውን በነጭ ማጣበቂያ ቀባን። እኔና አጎቴ አሎይስ በሁለት መሰላል፣ ኪሊያን ከሥር፤ ጥቅሉን ከግራ ወደ ቀኝ እየፈታን ለጠፍነው። ቴምብር የሚገዙ ሰባት ስምንት ሰዎች ተሰልፈው ያያሉ።

መጀመሪያ ኪሊያን ራሱን አየ። «አፍንጫዬን ማን ነው የመታኝ?» አለ። ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ፒየስ ተፈታ። ከዚያ መሬቱ፣ ከዚያ ጥላው። ሳቁ ጠፋ። እዚህ ያሉት ሁሉ ሰዓት ማንበብ ይችላሉ።

አጎቴ አሎይስ መሰላሉ ላይ ነበር፤ ፊቱ ግድግዳው ላይ። ፀሐይዋ ከፍ እንዳላለች አየ። ይሳደባል ብዬ ጠበቅሁ። ሳይዞር ተናገረ፣ ማንም ሳይጠይቀው፦

«የኔ ግቢ ነው። ሐሙስ ጠዋት። ማሽኑ ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ።»

አክስቴ ኩኒ ቀርባ መሰላሉን ያዘችለት።

«የለመንኳችሁ እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ሚስተር ቶሊቨር እንኳ ከመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «ያን ጠዋት ሰማዩን ያየው ፒየስ ነው፤ እኔ ቀና ብዬም አላየሁም። ሥዕሉን ነው ያየሁት።» የሚቀጥል ነገር ነበረኝ።

«ጥግሽን ያዢ እንጂ፣ እየወረደ ነው» አለኝ ኪሊያን።

ያዝኩ። ተጫንነው። እስኪይዝ ድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል እጃችንን ዘርግተን ቆምን፤ ሰዉ ቴምብሩን እየገዛ በሥራችን አለፈ። አንዲት ሴት ልጇን «ያ አጎቴ ፒየስ ነው» አለችው።

እዚያው ቆመን ሳለ አጎቴ አሎይስ ለኪሊያን ስለ ሰኞ አወራው። የፒየስን ማሳ ሊዘሩለት ነው፤ ስድስቱ ቤት ዘር አዋጥቷል። ፈረስና መዝሪያው አለ፤ የመዝሪያውን ሣጥን ተከትሎ የሚሞላ ሰው ግን ጎድሏል።

«እኔ አለሁ» አልኩ።

«ሰኞ ባቡር የለሽም?» አለ አጎቴ አሎይስ።

«አለኝ።»

«ማክሰኞም ባቡር አለ» አለ ኪሊያን። «ጆንያ ተሸክመሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ማክሰኞም አትሄዪም እንግዲህ፤ ተኝተሽ ነው የምትውዪው።»

ነገ ጣቢያ ሄጄ ትኬቱን እቀይራለሁ። ሰኞ የሚጀመረው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። አክስቴ ኩኒ የወንድ ቦት ጫማ አውጥታ በክፍሌ በር ሥር አስቀምጣለች። ለኔ ይሰፋኛል፤ ጋዜጣ ይጠቀጠቅበታል ብላለች።